ወደ ኋላ የሄደው ቀያሽ

ቀያሹ ኦሪን ፌልፕስ የተገኘው በዶሬመስ ሐር ፋብሪካ ምድር ቤት፣ የዕቃ መጎተቻው ጉድጓድ ግርጌ በጀርባው ተዘርግቶ ነው። ዕለቱ እሑድ ስለነበር ማሽኖቹ ሁሉ ቆመዋል፤ በሌላ ቀን የማይሰማው የወንዙ ድምፅ ግቢውን ሞልቶታል። የከተማው የእሳት መርማሪ ኮርኔሊየስ ብሪንክ ከምሳ ጠረጴዛ ተጠርቶ ሲደርስ፣ ሳጅን ማክገርክ ነገሩን በራሱ ጨርሶ ጠበቀው።

«ብዙ አትድከም፣ ብሪንክ» አለው። «ሰውየው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲዞር ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ክፍት የተወው ደግሞ ይሄ ነው።»

«ይሄ» የተባለው ዘበኛው ጋስፓሬ ሎምቢኖ ነበር። እጆቹ በካቴና ታስረው የከሰል ክምር ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«ክዳኑን ቅዳሜ ማታ በገዛ እጄ ነው የዘጋሁት፣ ጌታዬ» አለ ብሪንክን ቀና ብሎ እያየ። «ሁለት ሴት ልጆቼ አራተኛ ፎቅ ላይ ይሠራሉ። ልጆቹ በሚመላለሱበት ቤት ጉድጓድ ከፍቶ የሚተው አባት መሰልኳቸው?»

«ዝም በል አንተ! ነገ እኩለ ቀን ላይ አውራጃው እስር ቤት ትገባለህ። እዚያ ታወራለህ።»

ብሪንክ ዘበኛው አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ከሟቹ ሌላ ማን አስገቡ?»

«ማንንም። እሱን በፊት ለፊቱ በር አስገባሁትና ወደ ቦይለሬ ተመለስኩ። ከዚያ ዱብ ሲል ሰማሁ። እየሮጥኩ ብመጣ…»

«የኋላው የከሰል በርስ?»

«ከውስጥ በብረት ተቀርቅሯል።»

ሄደው አዩት። መቀርቀሪያው ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

«ይሄንንም ረሳው ማለት ነው» አለ ሳጅኑ። «የመርሳት ችሎታ ተሰጥቶታል።»

ብሪንክ አልሳቀም። ወደ ሬሳው ተመልሶ ጫማዎቹን አገላብጦ አየ። የሁለቱም ተረከዝ ቆዳ ከኋላ በኩል ተልጦ፣ በልጡ ላይ የአረንጓዴ ቀለም ፍቅፋቂ ቀርቷል።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የጉድጓዱ አፍ ክፍት ነበር። ክዳኖቹ ሲዘጉ ከወለሉ ጋር እኩል የሚሆኑ ሁለት የሳንቃ በሮች ናቸው፤ ማጠፊያቸው በዘይት ርሶ ድምፅ አይሰጥም። የአፉ የብረት ጠርዝ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ በማድረቂያው ክፍል ግድግዳ በኩል ባለው ጎን ላይም ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት አዲስ ጭረቶች ይታያሉ። ያ ግድግዳ ሌሎቹ ጠቁረው እሱ ብቻ ነጭ ነው። ብሪንክ በጣቱ ሲነካው ኖራው ገና እርጥብ ነበር። በጣቱ አጥንት ሲያንኳኳው እንደ ከበሮ ድምፅ ሰጠ።

በግድግዳው ሥር የፌልፕስ ቦርሳ በሥርዓት ተዘግቶ ተቀምጧል። ከውስጡ የመለኪያ ጥብጣቡ ያለበት ክብ የቆዳ ማኅደር ወጣ። ብሪንክ ጫፉ ላይ ያለውን የናስ ቀለበት ይዞ መዘዘው። ቀለበቱ ላይ ኖራ ደርቋል። ጥብጣቡ መጀመሪያ ላይ በሐር ብናኝና በወለል እድፍ ተሸፍኗል፤ እየተመዘዘ ሲሄድ ድንገት ንጹሕ ሆነ። ብሪንክ እድፉ ያበቃበትን ቦታ በጣቱ ያዘ።

ይህን ሰው ያውቀው ነበር። ፌልፕስ የካርታ ድርጅት ቀያሽ ነው፤ ኢንሹራንስ ሰጪዎች ለሚገለገሉበት የእሳት ካርታ ከተማውን ቤት በቤት ይለካል። ብሪንክ እሳት አጥፊ ሳለ የጥብጣቡን ጫፍ ይዞለት ያውቃል። አንድ ጊዜ ሊያግዘው ብሎ ሲጠቀልልለት ፌልፕስ ከእጁ ነጥቆታል፤ ጥብጣቡን በእርጥብ ጨርቅ ሳይጠርጉ መጠቅለል ለእሱ ሳይታጠቡ ማዕድ እንደ መቅረብ ነበር።

እርጥቡ ጨርቅ ቦርሳው ውስጥ አለ። ታጥፎ፣ ንጹሕ እንደሆነ።

በዚያው ዕለት የፋብሪካው ባለቤት አብራም ዶሬመስ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንደለበሰ መጣ፤ ቀጭን፣ ከንፈሩን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ነው። ብሪንክ ቢሮው ውስጥ አነጋገረው።

«ፌልፕስ ለምን እሑድ መጣ?»

«ማሽን እየጮኸ መለካት አልችልም አለኝ። እሑድ መሥራት ኃጢአት እንደሆነ ነገርኩት።»

«ግን ፈቀዱለት።»

«ኃጢአቱ የራሱ ነው። እኔ ስብከት ላይ ነበርኩ፤ ከመዘምራኑ ጋር። ምእመኑን ሁሉ ጠይቅ።»

«የማድረቂያውን ግድግዳ ቅዳሜ ኖራ ያስቀቡት ለምንድን ነው?»

ዶሬመስ ኮፍያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ለንጽሕና።»

«ከዚያ ሁሉ ግድግዳ የቆሸሸው አንዱ ብቻ ነው?»

«ላይል አሳምረው ብሎኝ ነው። የኢንሹራንስ ወኪሌ። ቀያሽ ስለሚመጣ ብሎ በስልክ መከረኝ።»

«ግድግዳው የእንጨት ነው፣ ሚስተር ዶሬመስ። ከበስተጀርባው ደግሞ የጋለ ቧንቧ አለ።»

«አባቴ የሠራው ነው! ኢንሹራንሱ ተቀብሎታል። ስለ እሱ ላይልን ጠይቅ፣ እኔን አታድርቀኝ።» ሊወጣ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። «ያ ቀያሽ ቅዳሜ እኔ ጋ የመጣው ከላይል ቢሮ ነው። ፊቱ ደስ አይልም ነበር። በካርታው ላይ ያየሁትን እኔ አልሳልኩትም ይል ነበር ለራሱ።»

ካቦዋ ሚስ ካትሪና ቦገርት ስትጠየቅ ግን ከንፈሯን አልያዘችም።

«ከሟቹ ጋር ቅዳሜ ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣላሁ እንጂ! በማሽኖቼ መሃል እየተሽሎከለከ መጥቶ ጫፉን ያዢልኝ ይለኛል። ስልሳ ሴት የማዘው ሰው ገመድ ያዥ ልሁን?»

«አልያዙለትም?»

«ያዝኩለት፣ ምን ላድርግ? ሲለምን አንጀት ይበላል። በሄደበት ሁሉ እዚያው ያገኘውን ሰው ነው አሉ የሚያስይዘው። ዓይኑን ቀለበቱ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ የሐር ማጠንጠኛዬ ላይ ሊቀመጥብኝ ነው ብዬ ጮህኩበት። የጠቡ ምክንያት ይኸው ነው።»

«የዕቃው ጉድጓድ እዚህ ቦታ ላይ ከተሠራ ቆየ?»

«ባለፈው ክረምት፣ አዲሱ ቦይለር ሲገባ ነው። ድሮ በስተሰሜን ደረጃው ሥር ነበር፤ እሱን ደፈኑት።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እዚህ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። የውጭ ሰው የኛ ጉድጓድ ምኑ ነው?»

«ዛሬ የት ዋሉ?»

«የእህቴ ልጅ ሲጠመቅ። ቄሱን በካልቾ መታቸው፤ እሳቸውን ጠይቃቸው፣ ጉልበታቸው ያስታውሳል።»

ብሪንክ ሰኞ ጠዋት ሄክተር ላይል ቢሮ ደረሰ። ክፍሉ ሞቃት ነው፤ ወንበሩ ሰፊ፣ ባለቤቱም እንደ ወንበሩ። የፋብሪካዎቹ ሰፈር ካርታ መስኮቱ አጠገብ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሏል። በበሩ ጀርባ ካፖርት ተንጠልጥሏል፤ ግራ ትከሻው የመንገዱን አቧራ እንደያዘ ነው፤ ቀኝ ትከሻው ግን ጨርቁ እስኪሳሳ በብሩሽ ተፈግፍጓል።

«ምስኪን ፌልፕስ!» አለ ላይል። «ሳጅኑ ትናንት ደውሎ ሲነግረኝ እራቴ አልወርድ አለኝ።»

«ቅዳሜ እዚህ መጥቶ ነበር ይባላል።»

«ሰላም ሊለኝ። ዘወትር የሚያደርገው ነው።»

«ፋብሪካውን እርስዎ በደንብ ያውቁታል?»

ላይል ከልቡ ሳቀ። «እኔ? እግሬ ረግጦት አያውቅም! የዚህን ከተማ ግማሽ ኢንሹራንስ ያስገባሁት ከዚህች ወንበር ሳልነሣ ነው። ካርታው ለምን ተሠራ ታዲያ? ሮዝ ጡብ ነው፣ ቢጫ እንጨት ነው፤ አለቀ። ኒው ዮርክ ያሉት ኩባንያዎች ከዚህ ገልብጬ በምልክላቸው ይወስናሉ። እነሱም በወንበራቸው፣ እኔም በወንበሬ።»

«ቤቱ ሲለወጥስ?»

«የካርታ ድርጅቱ አዲሱን ሥዕል በቁራጭ ወረቀት አትሞ ይልካል። አሮጌው ላይ እንለጥፈዋለን። ልክ እንደ ሱሪ ጣፍ።»

«እኔ ካርታ ላይ ደካማ ነኝ» አለ ብሪንክ። «እስቲ የወደቀበትን ቦታ ያሳዩኝ።»

ላይል ተነሥቶ ወደ ካርታው ሄደ። «ይኸው የዶሬመስ ፋብሪካ። ይኸው የማድረቂያው ግድግዳ። ከእሱ ፊት ለፊት፣ በስተደቡብ፣ ይኸውና!»

የወፍራም ጣቱ ጫፍ ምንም ምልክት በሌለበት ቦታ ላይ አረፈ። መስቀል ያለባት ትንሽ አራት ማዕዘን፣ የዕቃ ጉድጓድ ምልክት፣ በስተሰሜን ደረጃው አጠገብ ታትማለች።

ብሪንክ አመሰገነው። ጠጋ ብሎም በፀሐይ ከደበዘዘው ካርታ መሃል የማድረቂያው ግድግዳ ሮዝ እንደ አዲስ እንደሚያበራ ልብ አለ። ጣቱን በዝግታ ሲያሳልፍበት የወረቀት ጠርዝ ተሰማው።

«ካርታውን እስከ እኩለ ቀን ያውሱኝ። እርስዎም ፋብሪካው ድረስ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ የሚያነብልን ሰው ያስፈልገናል።»

«እንዲህ ከሆነማ» አለ ላይል ፈገግ ብሎ፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ እረግጠዋለሁ።»

ከዚያ ወጥቶ ብሪንክ ለካርታ ድርጅቱ ስልክ ደወለ። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ሁሉም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተሰበሰቡ። የጉድጓዱ ክዳን ተዘግቷል። ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ ምድጃ ላይ ማንቆርቆሪያ እየፈላ ነው። ከታች በመስኮቱ በኩል የእስር ቤቱ ጋሪ፣ ከጋሪውም ጎን የጋስፓሬ ሚስት ሁለት ልጆቿን ግራና ቀኝ ይዛ ቆማ ትታያለች። ጋስፓሬ አንዴ አያት፤ ከዚያ በኋላ ወደ መስኮቱ አልዞረም።

«ሻይ ልትጋብዘን ነው?» አለ ማክገርክ።

«ቆይ። መጀመሪያ ይህን ቀለበት ያዝልኝ፤ እግድግዳው ላይ አስጠግተህ።»

ሳጅኑ እያጉረመረመ ያዘ። ብሪንክ ማኅደሩን ይዞ፣ ዓይኑን ከቀለበቱ ሳይነቅል ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ጥብጣቡ ከእጁ እየተመዘዘ ወጣ። እድፉ አብቅቶ ንጹሑ ብቅ ሲል ቆመ። ሁሉም እግሩን አዩ፤ ተረከዙ አረንጓዴው ጠርዝ ላይ ነው።

«ዝም ብሎ እየዞረ ጉድጓድ የገባ ሰው የሚሄደው ወደ ፊት ነው» አለ። «የፌልፕስ ተረከዞች ግን ከኋላ ተልጠዋል፣ ጭረታቸውም ይኸው። እየለካ ነበር፣ ወደ ኋላ እየሄደ። ይህ ጥብጣብ እዚህ ወለል ላይ የተጎተተው እስከዚች ድረስ ነው፤ አንድ እርምጃ እንኳ አልጨመረም።»

«እሺ፣ እየለካ ወደቀ። ጉድጓዱን የከፈተው ግን ዘበኛው ነው።»

«ሳጅን፣ አሁን ቀለበቱን ብትለቀው ምን ይሆናል?»

«ይወድቃላ።»

«ብቻውን የሚለካ ቀያሽ ጫፉን በምስማር ይመታል። እርጥብ ኖራው ላይ የምስማር ቀዳዳ ፈልግ፤ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ይዞለት ነበር፤ ኖራው ቀለበቱን የነካውም ያኔ ነው። ያ ሰው ከአደጋው በኋላ አልጮኸም፣ እርዳታም አልጠራም። ጠርዙ ላይ የቀረውን ማኅደር አንሥቶ ጥብጣቡን ጠቀለለና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ተዘርግቶ ቢገኝ ሁለት ሰው እንደነበር ይናገራላ። ግን ሳይጠርግ ነው የጠቀለለው። ፌልፕስ ይህን በሕይወቱ አያደርግም።»

«እውነቱን ነው» አለች ሚስ ቦገርት። «ቅዳሜ እኔ ፊት ሁለት ጊዜ ጠርጎታል፤ ትዕግሥቴ እስኪያልቅ።»

«ፌልፕስ ግድግዳውን ሲያንኳኳ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቷል። ያን ጊዜ እንግዳው ክዳኑን በቀስታ ከፈተ። ከዚያ፣ ጫፉን ልያዝልህ አለ። ፌልፕስ ሲገባ ክዳኑን ዝግ ሆኖ አይቶታል፤ ወለል ነው ብሎ ነው ወደ ኋላ የሄደው።»

ዶሬመስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ማነው ያዡ?»

«የጋስፓሬ ካፖርት ያው ከትናንት ያልወለቀው ነው፤ ከሰል እንጂ ኖራ የለበትም። እርስዎን ምእመኑ፣ ሚስ ቦገርትን ቄሱ ይመሰክሩላችኋል፤ ሁለቱንም ጠይቄያለሁ። የከሰል በሩን ከውስጥ የከፈተው ራሱ ፌልፕስ ነው፤ ለሚያውቀው ሰው፣ ና እንይ ብሎ ለቀጠረው፣ በፊት ለፊት በር መታየት ላልፈለገ ሰው፤ የወጣውም በዚያው ነው።» ብሪንክ ወደ ሳጅኑ ዞረ። «ለሚስተር ላይል ስትደውል ምን አልከው? ቃል በቃል።»

«ቀያሹ ዶሬመስ ፋብሪካ የዕቃ ጉድጓድ ገብቶ ሞተ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?»

«የት እንዳለ ነግረኸዋል?»

«እኔ ራሴ ጠፍቶኝ በዘበኛው ነው የተመራሁት!»

«እናንተስ?» ዶሬመስም ሚስ ቦገርትም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሚስተር ላይል ዛሬ ጠዋት ይህን ቤት ረግጬው አላውቅም፣ የማውቀው በካርታ ነው አለኝ። የወደቀበትን ያሳዩኝ አልኩት። በካርታ ብቻ የሚያውቅ ሰው ጣቱን የሚያሳርፈው እዚህ ነው።» በሰሜን በኩል ያለችውን ባለ መስቀል አራት ማዕዘን ነካ። «የተደፈነው ላይ። እሱ ግን ካርታው ላይ ጭራሽ ያልተሳለውን ጉድጓድ አሳየኝ።»

የላይል ፈገግታ ከፊቱ ላይ አልወረደም፤ ግን ቦታው ላይ ደርቆ ቀረ። «ሰው ነግሮኝ ይሆናል። ከተማው ትንሽ ነው።»

«ካፖርትዎንም ያው ሰው ነው በአንድ ትከሻ ብቻ የቦረሸው? ቀለበቱን ይዘው ሲያጎነብሱ ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል።»

«ካፖርት ስለቦረሽኩ ልሰቀል ነው?»

ብሪንክ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ እንፋሎቱን በካርታው ላይ አሳለፈ። ወረቀቱ እየለሰለሰ ሄደ። የሚያበራው ሮዝ ቁራጭ በአንድ ጥጉ ተነሣ፤ ብሪንክ በጥፍሩ ይዞ በዝግታ ላጠው። ከሥሩ ቢጫ ወጣ።

«ድርጅቱን ጠየቅሁ። ለዚህ ፋብሪካ አንድም የእርማት ቁራጭ አልላኩም። ፌልፕስ የሳለው ቢጫ ነበር። ቅዳሜ ቢሮዎ ገብቶ ሮዝ ሆኖ ሲያገኘው ጣቱ እንደኔው ነገረው። ነገ ለክቼ ለድርጅቱ አሳውቃለሁ አለዎት።»

ዶሬመስ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። «ላይል… ተቀብለውታል አላልከኝም?»

«ተቀብለውታል እኮ! ሮዝ አድርጌ ስልክላቸው ተቀበሉት!» ላይል ድንገት ጮኸ። «እውነቱን ብልክ ማን ኢንሹራንስ ይሰጥህ ነበር? ወደ ሌላ ወኪል ትሄድብኝ ነበር፣ አንተም፣ ሌላውም! አንድ ግድግዳ ነው፣ አንድ ቀለም! እዚያ ላይ ቆሞ አንኳኳው፣ አንኳኳው፣ ከዚያ እንደ ሌባ አየኝ።»

ብሪንክ ማንቆርቆሪያውን በካርታው ሌላ ጥግ፣ በሌላ ፋብሪካ ላይ አሳለፈ። ሌላ ሮዝ ቁራጭ ተነሣ። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ። ሚስ ቦገርት አፏን በእጇ ያዘች፤ ሁለቱን ቤቶች ታውቃቸዋለች፣ በሁለቱም ውስጥ ሰዎች አሏት።

ማክገርክ ካቴናውን ከጋስፓሬ እጅ ፈትቶ ላይል እጅ ላይ አጠለቀው። ለዘበኛው ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ «በል ሂድ» ብቻ አለው። ጋስፓሬ መስኮቱን ከፍቶ ባዶ እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ አሳየ። ከታች አንድ የሴት ጩኸት መጣ፤ የልጆቹም ተከተለ።

ዶሬመስ ኮፍያውን አነሣ። «መቼም ደስ ብሎኛል፣ ጋስፓሬ። ነገ እንደወትሮው ግባ። ልጆችህም—»

«እኔ እገባለሁ፣ ጌታዬ። ልጆቼ ግን ይሄ ግድግዳ እንጨት ሆኖ ሳለ አራተኛ ፎቅ አይወጡም።»

«በእነሱ ቦታ የሚገባ ሞልቷል።»

«እኔም አልወጣም» አለች ሚስ ቦገርት እጆቿን አጣምራ። «ስልሳዎቹም እኔን ሳያዩ አይወጡም። የሚገቡትን ራስዎ ያስተምሯቸው፤ ሐሩን ሲበጣጥሱብዎ ያዩታል።»

ዶሬመስ ካርታውንም ሰዎቹንም አልፎ ወደ ነጩ ግድግዳ ሄደና መዳፉን አሳረፈበት። ከወዲያ ያለው የቧንቧ ሙቀት በሳንቃው አልፎ እጁ ውስጥ ገባ። እንዲያው ቆየበት። ላቡ በግንባሩ ላይ ችፍ ሲል ነው እጁን ያነሣው።

«ግንበኛ ጥሩልኝ» አለ።